ሾትዌል ላይ «በፋይል ማኔጀር አሳይ» ስል ሁሌ ናውቲለስ ይመጣል፤ በቱናር እንዲከፍትልኝ ምን ላድርግ?

#1 ጥላና ብርሃን | ሰኞ፣ ማታ 3:20

ሰላም ለቤቱ። ከቅዳሜ ጀምሮ ያዞረኝ ነገር አለ፤ የምታውቁ ካላችሁ ገላግሉኝ።

ሊኑክስ ላይ፣ ግኖም በሚባለው ዴስክቶፕ ነኝ። ፎቶ የማደራጀው በሾትዌል ነው፣ ፋይል የማገላብጠው ደግሞ በቱናር። የግኖም የራሱ ፋይል ማኔጀር ናውቲለስ ላይ ቂም የለኝም። ግን የቱናር የጅምላ ስም መቀየሪያ ፎቶው የተነሳበትን ቀን ከራሱ ከፎቶው አንብቦ ስሙ ላይ ያስገባልኛል። እሱን ከለመድኩ ወዲህ ሌላው ሁሉ እጄ ላይ አልገባ ብሏል።

ችግሩ ይሄ ነው። ሾትዌል ውስጥ አንድ ፎቶ ላይ ራይት ክሊክ አድርጌ «በፋይል ማኔጀር አሳይ» ስል የሚከፈተው ናውቲለስ ነው። ምርጫዎች ውስጥ ገብቼ አንድ በአንድ አየሁ። የውጭ ፎቶ ኤዲተር መምረጫ አለ፣ የውጭ ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፎቶ) ኤዲተር መምረጫም አለ፤ ፋይል ማኔጀር መምረጫ የሚባል ነገር ግን የለም።

ከዚያ የሲስተሙን ዲፎልት ፋይል ማኔጀር ቱናር አደረግኩት። አሁን ተርሚናል ላይ ኤክስዲጂ-ኦፕን በሚባለው ትዕዛዝ ፎልደር ስከፍት የሚመጣው ቱናር ነው። ሾትዌል ብቻ አሻፈረኝ ብሏል።


#2 ቀጥታ መንገድ | ማታ 3:31

ቀላል ነው ወንድሜ። ዲፎልት ፋይል ማኔጀርህን ቀይር። ማይምአፕስ ሊስት የሚባለው ፋይል ውስጥ «አይኖድ/ዳይሬክተሪ» የሚለውን መስመር ወደ ቱናር አድርገው፣ አለቀ።


#3 ጥላና ብርሃን | ማታ 3:34

አንደኛ፣ «ቀይር» ሳይሆን «ቀይሪ» :)

ሁለተኛ፣ ቀይሬያለሁ ብያለሁ እኮ። መስመሩ ቱናር ነው የሚለው። ሦስቴ አየሁት።


#4 ቀጥታ መንገድ | ማታ 3:36

ይቅርታ እህቴ። እንግዲያው ሎግ አውት አድርገሽ ግቢ። እኔ ዘንድ ይሠራል።


#5 አሮጌው ላፕቶፕ | ማታ 3:52

ናውቲለስን አጥፊውና ተገላገዪ። ከሌለ አይከፈትም።


#6 የሌሊት ወፍ | ማታ 4:15

#5ን እንዳትሰሚ፣ በፈጠረሽ። ግኖም ላይ ናውቲለስ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም የሚነቀል አይደለም። ከ2024ቱ ግኖም 47 ወዲህ በፖርታል (ፕሮግራሞች ሲስተሙን የሚጠይቁበት አማላጅ) በኩል የሚመጣው የፋይል መምረጫ መስኮት ራሱ የናውቲለስ ሥራ ነው። እሱን ነቅለሽ፣ ነገ አንዱ ፕሮግራም ውስጥ «ፋይል ክፈት» ስትዪ ዝም ይልሻል፤ ያኔ ሌላ ክር ትከፍቻለሽ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። #2 ያለው ስህተት አይደለም፣ ግን የሌላ በር ቁልፍ ነው። «ፎልደር ክፈት» እና «ፋይሉን አሳይ» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

አንድ ፕሮግራም «ይህን ፎልደር ክፈት» ሲል ሲስተሙ ፎልደርን እንደ አንድ የፋይል ዓይነት ይቆጥረዋል። ስሙ አይኖድ/ዳይሬክተሪ ነው። ሥዕል በምን ይከፈት፣ ፒዲኤፍ በምን ይከፈት እንደሚባለው ሁሉ ፎልደርም በምን ይከፈት የሚለው ማይምአፕስ ሊስት ውስጥ ይታያል። አንቺ ያስተካከልሽው ይሄንን ነው፣ ኤክስዲጂ-ኦፕን የታዘዘልሽም ለዚሁ ነው።

ሾትዌል ግን ፎልደር ክፈት አይደለም የሚለው። የሚለው «ይህን ፎቶ ያለበት ቦታ ድረስ ሄደህ፣ መርጠህ አሳየኝ» ነው። ለዚህ ጥያቄ የፋይል ዓይነት ዝርዝር አይጠቅመውም፤ ዝርዝሩ የሚያውቀው የቱን ፕሮግራም ማስነሳት እንዳለበት ነው እንጂ «ውስጡ ያለችውን ይህቺን ፋይል ምረጥ» የሚባልበት ቋንቋ የለውም። ስለዚህ በዲ-ባስ ይሄዳል። ዲ-ባስ ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር ነው። እዚያ ላይ «ኦርግ.ፍሪዴስክቶፕ.ፋይልማኔጀር1» የሚባል ስም አለ፤ ፎልደሮችን አሳይ፣ ፋይሎችን አሳይ፣ የፋይሎችን መረጃ አሳይ የሚሉ ሦስት ጥሪዎች ይቀበላል። ሾትዌል ለዚህ ስም ይደውላል። ማን እንደሚያነሳው አያውቅም፣ አይጠይቅምም።

አንቺ ማሽን ላይ የሚያነሳው ናውቲለስ ነው። ዲፎልት ስለሆነ አይደለም፤ ስሙን ቀድሞ ስለያዘው ነው።

ማረጋገጫ፦ ብራውዘርሽ ላይ የወረደ ፋይል አጠገብ ያለችውን «ፎልደሩ ውስጥ አሳይ» ተጫኚ። ናውቲለስ ከመጣ ሾትዌል ላይ የተለየ በደል የለም ማለት ነው።


#7 ጥላና ብርሃን | ማታ 4:22

እውነትም! ብራውዘሩም ናውቲለስ ነው ያመጣው። እስከ ዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም።

ታዲያ ስሙን ከናውቲለስ እንዴት ነው የምነጥቀው?


#8 የሌሊት ወፍ | ማታ 4:48

መጀመሪያ ማን እንደያዘው እንይ። ስልክ ላይ ስለሆንኩ ትዕዛዞቹን በእኛው ፊደል ነው የምጽፈው፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን መልሺያቸው። ሁሉም በትንሽ ፊደል ነው፣ «ፋይልማኔጀር1» ውስጥ ያሉት ኤፍና ኤም ብቻ ትልቅ ናቸው። ዲ-ባስ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ባስሲቲኤል --ዩዘር ስታተስ ኦርግ.ፍሪዴስክቶፕ.ፋይልማኔጀር1

ከሚወጣው ውስጥ «ኮም=» የሚለውን መስመር ፈልጊ። ከፊቱ ያለው ስም ነው የያዘው።

ሁለተኛው፣ አንቺ ያስተካከልሽውን ለማየት፦

ኤክስዲጂ-ማይም ኩዌሪ ዲፎልት አይኖድ/ዳይሬክተሪ

ሁለቱንም አምጪልኝ።


#9 ጥላና ብርሃን | ማታ 4:57

የመጀመሪያው፦ ኮም=ናውቲለስ
ሁለተኛው፦ ቱናር.ዴስክቶፕ

በል እንግዲህ።


#10 የሌሊት ወፍ | ማታ 5:20

እንደጠረጠርኩት ነው።

ማንም ያልያዘው ስም ላይ ጥሪ ሲመጣ ዲ-ባስ ዝም አይልም፤ «ይህ ስም ሲጠራ ይህን ፕሮግራም አስነሳ» የሚሉ ትንንሽ የሰርቪስ ፋይሎችን ያያል። የሲስተሙ የሚቀመጡት /ዩኤስአር/ሼር/ዲባስ-1/ሰርቪስስ ውስጥ ነው። ናውቲለስ ሲጫን አንድ ያስቀምጣል፣ ቱናርም ሲጫን ለዚያው ስም የራሱን ያስቀምጣል። አንድ ፎልደር ውስጥ ለአንድ ስም ሁለት ፋይል ሲኖር የትኛው እንደሚወሰድ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። አንዳንዱ ሰው «እኔ ዘንድ ይሠራል» የሚለው ዕድል ቀንቶት ነው (#4፣ ወዳጄ፣ አንተን ነው)።

የሲስተሙን ፋይል አትንኪ። ብታርሚውም ፕሮግራሙ ሲታደስ ይመለሳል። የራስሽን አስቀምጪ፤ ሆም ፎልደርሽ ውስጥ ያለው ከሲስተሙ ይቀድማል።

ፎልደሩ፦ .ሎካል/ሼር/ዲባስ-1/ሰርቪስስ (ከሌለ ፍጠሪው)
የፋይሉ ስም፦ ኦርግ.ፍሪዴስክቶፕ.ፋይልማኔጀር1.ሰርቪስ

ይዘቱ ሦስት መስመር ነው፦

[ዲ-ባስ ሰርቪስ]
ኔም=ኦርግ.ፍሪዴስክቶፕ.ፋይልማኔጀር1
ኤክሴክ=/ዩኤስአር/ቢን/ቱናር --ዲሞን

ኔም፣ ኤክሴክና ሰርቪስ የሚሉት እዚህ ይዘቱ ላይ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። ቅንፉ ውስጥ ያለው ዲ-ባስ ሙሉ በሙሉ በትልቅ ፊደል ነው።

ከዚያ ሎግ አውት አድርገሽ ተመለሺ። ስትመለሺ ናውቲለስ ተነስቶ ከጠበቀሽ «ናውቲለስ -ኪው» በይውና በሰላም ሸኚው። ከዚያ ሾትዌልን ሞክሪ።


#11 ቀጥታ መንገድ | ማታ 5:26

«ዕድል ቀንቶት» ተቀብያለሁ 😅


#12 ጥላና ብርሃን | ማታ 5:58

አልሠራም። አሁንስ ጭራሽ ናውቲለስ ነው፣ ያውም በፍጥነት።


#13 የሌሊት ወፍ | ማታ 6:03

የፋይሉን ሁለተኛ መስመር ከፋይሉ ላይ ኮፒ አድርገሽ ለጥፊልኝ። በእጅሽ አትጻፊው።


#14 ጥላና ብርሃን | ማታ 6:09

እ... ኤፏም ኤሟም ትንሽ ናቸው። አስጠንቅቀኸኝ ነበር።

አስተካክዬ፣ ወጥቼ ገባሁ፣ ናውቲለስን ሸኘሁት፣ ሾትዌል ላይ ተጫንኩ። ቱናር መጣ! ፎቶዋም ተመርጣ፣ ሰማያዊ ሆና ቁጭ ብላለች። መስኮቱ ራሱ እሷ ያለችበት ድረስ ወርዶ ነው የተከፈተው፤ ሁለት ሺህ ፎቶ ያለበት ፎልደር ውስጥ መፈለግ ቀረልኝ።

ተባረክ። ልተኛ።


#15 ፖም ላይ ያለሁ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:40

ርዕሱ ባይመለከተኝም ማክ ላይ ላላችሁ ልጨምር፣ ይህን ፈልጎ እዚህ ክር ላይ የሚደርስ ሰው አይጠፋም። እዚያም ነገሩ ሁለት በር ነው። ፎልደር በምን ይከፈት የሚለው አንድ ነው፤ «ፋይንደር (የማኩ ፋይል ማኔጀር) ውስጥ አሳይ» የሚለው ሌላ ነው። ለሁለተኛው «ኤንኤስፋይልቪውወር» የሚባል ቅንብር አለ፤ በዲፎልትስ ራይት ትዕዛዝ የሌላውን ፋይል ማኔጀር መለያ ስም ትሰጡታላችሁ። ፓዝ ፋይንደር የሚባለውን ፋይል ማኔጀር የሚጠቀሙ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ፕሮግራሙን ዘግቶ መክፈት ያስፈልጋል። ፋይንደርን በአፕልስክሪፕት (የማክ የትዕዛዝ ቋንቋ) በስሙ የሚጠሩ ፕሮግራሞች ላይ ግን አይሠራም፤ እነሱ ስሙን ጠርተው ነው የሚመጡት።


#16 አሮጌው ላፕቶፕ | ጠዋት 2:15

ዊንዶውስስ?


#17 ፖም ላይ ያለሁ | ጠዋት 2:30

እዚያ ይከብዳል። ብዙ ፕሮግራም በቀጥታ የዊንዶውስን ፋይል ማኔጀር ኤክስፕሎረርን ጠርቶ «/ሴሌክት» ከሚል ቃል ጋር የፋይሉን አድራሻ ይሰጠዋል። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች ማከማቻ) ውስጥ የፎልደር ዲፎልት ብትቀይር እንኳ በስሙ የተጠራው ኤክስፕሎረር ነው፣ እሱው ይመጣል። እንደ ዳይሬክተሪ ኦፐስ ያሉት ፋይል ማኔጀሮች «ኤክስፕሎረርን ተካ» የሚል የራሳቸው አማራጭ አላቸው።


#18 ጥላና ብርሃን | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:10

ተመለሰ።

ጠዋት ሙሉ ቱናር ነበር። ምሳ በልቼ ስመለስ ሾትዌል ላይ ተጫንኩ፣ ናውቲለስ። ፋይሌ እዚያው አለ፣ ፊደሎቹም ትክክል ናቸው፣ ምንም አልነካሁም። የሌሊት ወፍ፣ ቀንም ትነቃለህ?


#19 የሌሊት ወፍ | ከሰዓት 9:45

አንዳንዴ።

ከዚያ በፊት ምን ነክተሽ ነበር? ግኖም ላይ የላይኛውን መፈለጊያ ከፍተሽ የሆነ ነገር ጽፈሽ ነበር?


#20 ጥላና ብርሃን | ከሰዓት 9:51

አዎ፣ ካልኩሌተር ለመክፈት «ካል» ብዬ ነበር። እሱ ምን አገናኘው?


#21 የሌሊት ወፍ | ከሰዓት 10:20

እሱ ነው ያገናኘው።

መፈለጊያው ላይ ስትጽፊ ግኖም ፕሮግራሞችን ብቻ አይደለም የሚፈልገው፣ ፋይሎችንም ይፈልጋል። ፋይል የሚፈልግለት ደግሞ ናውቲለስ ነው። ስለዚህ መስኮት ሳይከፍት ከጀርባ ይነሳል። ሲነሳ ያቺን ስም ማንም እንዳልያዛት ያያል፣ ይይዛታል። ቱናርሽ ያኔ አልተነሳም ነበር ወይም ተዘግቶ ነበር። የሰርቪስ ፋይልሽ የሚታየው ስሙ ባለቤት ሲያጣ ብቻ ነው፤ ባለቤት ካለ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ይህን ትናንት መናገር ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

መፍትሔው ቱናር ቀድሞ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ስትገቢ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ «ቱናር --ዲሞን» የሚል ጨምሪ። ምንም መስኮት አይከፍትም፤ ከጀርባ ተቀምጦ ስሙን ይዞ ይጠብቃል። መስኮቶቹን ሁሉ ብትዘጊም አይሞትም። ናውቲለስ ኋላ ቢነሳ ተራ ይጠብቃል እንጂ አይቀማም።

አንድ ነገር ብቻ፦ ቱናርን ራስሽ ከገደልሽው (ወይም ከተበላሸና ከወደቀ) ተራ ሲጠብቅ የነበረው ናውቲለስ ስሙን ወዲያው ይወስዳል። ያኔ ያው «ናውቲለስ -ኪው»።


#22 ሮው ብቻ | ከሰዓት 11:05

ለጥላና ብርሃን፦ የዲ-ባሱን ነገር ጎበዞቹ ጨርሰውታል። እኔን ያስፈራኝ #1 ላይ ያልሽው ነው። ሾትዌል ውስጥ ያለ ፎቶ ላይ ከሾትዌል ወደ ቱናር ሄደሽ የጅምላ ስም መቀየሪያ ትጠቀሚያለሽ?


#23 ጥላና ብርሃን | ከሰዓት 11:12

አዎ። ለዚያ አይደል ይህን ሁሉ የደከምኩት?


#24 ሮው ብቻ | ከሰዓት 11:40

ተይ!

ሾትዌል ፎቶውን የሚያውቀው በአድራሻው ነው። ሆም ፎልደርሽ ውስጥ .ሎካል/ሼር/ሾትዌል/ዳታ የሚባል ቦታ ፎቶ.ዲቢ የምትባል የኤስኪዩላይት (የመረጃ ቋት) ፋይል አለች፤ የእያንዳንዱ ፎቶ ሙሉ አድራሻ እስከ ፋይል ስሙ እዚያ ተጽፏል። ከውጭ ስሙን ስትቀይሪ ሾትዌል ፎቶው የጠፋ ሊመስለውና «የጠፉ ፋይሎች» ውስጥ ሊከተው ይችላል። ኮከቡ፣ ታጉ፣ ያስተካከልሽው ብርሃን ሁሉ ከአሮጌው አድራሻ ጋር ተንጠልጥሎ ይቀራል።

የእኔ ታሪክ ከዚህ ይብሳል። እኔ ዳርክቴብል የሚባል የሮው ፎቶ ማስተካከያ ላይ ነኝ። ዳርክቴብል የሠራሽውን ሁሉ ፎቶው አጠገብ በኤክስኤምፒ ፋይል ያስቀምጣል። ፎቶው አይኤምጂ_4471.ሲአር2 ከሆነ፣ ጎኑ ያለው አይኤምጂ_4471.ሲአር2.ኤክስኤምፒ ነው። የአንድ ሙሉ ቀን ፎቶ ፎልደር ከፈትኩ፣ ሁሉንም መረጥኩ፣ የጅምላ መቀየሪያው ላይ ተራ ቁጥር ስጥ አልኩት። መቀየሪያው ፋይሎቹን የሚያየው አንድ በአንድ ነው፤ ጥንድ መሆናቸውን ከየት ያውቃል? ፎቶው 001 ሆነ፣ የእሱ ኤክስኤምፒ 002፣ ቀጣዩ ፎቶ 003። ዳርክቴብልን ስከፍት መስኮቱ ሙሉ የራስ ቅል ነው፤ ፋይሉ የሌለ ፎቶ ላይ የሚያደርገው ምልክት እሱ ነው። ያን ቀን ያየሁትን የራስ ቅል መቃብር ቆፋሪ አያየውም።

አንቺ የምትጠቀሚበት የተነሳበት ቀን ደግሞ ለኤክስኤምፒው ምንም አይሠራለትም፤ እሱ የተነሳበት ቀን የሚባል ነገር በፎቶ መልክ የለውም። ፎቶው ስሙን ቀይሮ ይሄዳል፣ ኤክስኤምፒው ባለበት ይቀራል።


#25 የሌሊት ወፍ | ማታ 12:30

ሮው ብቻ ያለው ላይ የምጨምረው፦ ሾትዌል የፎቶ ስብስብ ፎልደሩን ለአዲስ ፋይሎች እንዲከታተል የሚያደርግ ምርጫ አለው። ከተከፈተ ፎልደሩ ውስጥ የሚሆነውን ያያል። እኔ ግን ያንን ተማምኜ የጅምላ ስም አልቀይርም።


#26 ጥላና ብርሃን | ማታ 1:15

ለካ ባለፈው ወር «የጠፉ ፋይሎች» ውስጥ ያየኋቸው አራት መቶ ገደማ ፎቶዎች እነዚህ ናቸው። ካርዱ ተበላሽቶ መስሎኝ ተናድጄ ጥዬዋለሁ፣ ካርዱን ማለቴ ነው።

እሺ፣ ከአሁን በኋላ ስም የምቀይረው ከካሜራው አውርጄ፣ ሾትዌል ሳያያቸው በፊት ነው። ዲሞኑንም ጨምሬያለሁ፤ መፈለጊያው ላይ ሆን ብዬ አሥር ጊዜ ጻፍኩ፣ ቱናር አልተነቃነቀም።

«ለዚያ አይደል ይህን ሁሉ የደከምኩት» ያልኩት ላይ ግን ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም።


#27 ሮው ብቻ | ማታ 1:22

ፎቶ ማሳየቱ ብቻውን ይበቃል። እኔ ለደንበኛ ፋይል ለመላክ «አሳይ»ን በቀን ሠላሳ ጊዜ ነው የምጫናት።


#28 ቀጥታ መንገድ | ረቡዕ፣ ማታ 2:05

እኔ ቱናር ሳይሆን ዶልፊን የሚባለውን ፋይል ማኔጀር ነው የምፈልገው። ኤክሴክ ላይ /ዩኤስአር/ቢን/ዶልፊን --ዲሞን ብዬ ሞከርኩ፣ ሠራ። ሾትዌሌ ደግሞ የፍላትፓኩ (ከሲስተሙ ተነጥሎ በራሱ ሳጥን ውስጥ የሚሠራው) ነው፤ እዚያ ውስጥ ሆኖ እንዴት እንደሰማኝ ነው ያልገባኝ።


#29 የሌሊት ወፍ | ማታ 2:40

ፍላትፓክ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ውጭ ያለውን ፋይል ማኔጀር በቀጥታ መጥራት የለበትም። ፖርታሉን ያንኳኳል፣ «ይህ ፋይል ያለበትን ፎልደር ክፈትልኝ» ይላል። የሚከፍተው ፖርታሉ ነው፣ እሱም የሚሠራው ውጭ፣ አንተ ባስተካከልከው ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ፍላትፓኩ ውስጥ ምንም መንካት አያስፈልግህም።

ሎግ አውት አድርገህ ነበር ወይስ ዕድል ቀናህ?


#30 ቀጥታ መንገድ | ማታ 2:44

ሎግ አውት አድርጌያለሁ፣ በስመ አብ።